ሥጋውን ገዳዩ ያንሳ

ከመንግሥት ደን ጥግ በሰፈሩ ወሎዬዎች መንደር፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፤ ከትናንት ጀምሮ ቤቱን ያላየው ይመር ደም በደም ሆኖ ከአጥሩ በር ውጭ ቆሟል፤ ሚስቱ ጦይባ ጀሪካኑን ከኋላዋ፣ ጣሳውን በእጇ ይዛ በሩን ዘግታበታለች።

ይመር፦ አንድ ጣሳ ውሃ ነው ያልኩሽ፤ ቤቱን ልቀቂልኝ አላልኩም!

ጦይባ፦ ከዚያች ድንጋይ እንዳታልፍ። በሩንም እንዳትነካ።

ይመር፦ የገዛ በሬን?

ጦይባ፦ ነገ እኔም የምይዘው በር ነው።

ይመር፦ ጦይቤ፣ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ከጠዋት ጀምሮ ምራቄን ነው የምውጠው።

ጦይባ፦ አፍህን ክፈት፤ በአጥሩ ላይ ከሩቅ አፈስልሃለሁ።

ይመር፦ እንደ ጥጃ?

ጦይባ፦ ጥጃ ሐላል ነው።

ይመር፦ ባሏን እንዲህ የምትቀበል ሴት አይቼ አላውቅም።

ጦይባ፦ እኔም ከርከሮ ተሸክሞ የሚመጣ ባል አይቼ አላውቅም። ዛሬ ሁለታችንም አየን። ክፈት አፍህን!

ይመር፦ ኧረ ቀስ! በአፍንጫዬ ገባ እኮ።

ጦይባ፦ አፍንጫህም ይታጠብ። እሱም አብሮ ሲያሸት ነው የዋለው።

ይመር፦ እፎይ... አልሐምዱሊላህ። ለመሆኑ ማን ነገረሽ?

ጦይባ፦ ማን ያልነገረኝ አለ በል። የሰይድ ሚስት ከአጥሯ ማዶ ሆና ጮኸች። "ጦይባ፣ ባልሽ እየመጣ ነው፤ ብቻውንም አይደለም!" አለችኝ። እኔ ደግሞ እንግዳ ይዞ መሰለኝና ቤት ጠረግሁ።

ይመር፦ እሷ ደግሞ! ባሏ ጦሩን ጠርጎ ሲሸሽ ባየችው።

ጦይባ፦ ሸኽ ኑርዬም ገና ሲያዩህ መንገዱን ትተው በእሾሁ ገቡ አሉ።

ይመር፦ ውሸት ነው። መንገድ ዳር ቆመው አሳለፉኝ። "አላህ ያግዝህ ይመር" ብለው መረቁኝ።

ጦይባ፦ ምን ያህል ርቀው?

ይመር፦ ጮኸው ነው የመረቁኝ።

ጦይባ፦ በል እጅህን ዘርጋ። ሰባት ጊዜ ነው፤ አንዱ በአፈር። አፈሩን ደግሞ ከእግርህ ሥር አንሳ፤ ከግቢዬ እንዳትዘግን።

ይመር፦ ለዚህ ሁሉ ውሃ ከምታባክኚ ወንዝ ልውረድና እዚያው ልዘፈቅ። በማሳው በኩል ባቋርጥ እኮ...

ጦይባ፦ አይሆንም!

ይመር፦ ምን ያስጮህሻል?

ጦይባ፦ ሰው ይቀዳበታል። አንተ ልትታጠብ ብለህ መንደሩን ሁሉ ልታረክስ ነው? እዚሁ ቁም። ቢስሚላህ በልና እሸው።

ይመር፦ ድምፅሽ ግን ምን ሆነ? ልክ እንደ ቁራ ሆነሻል።

ጦይባ፦ ጉንፋን ነው።

ይመር፦ በዚህ ሙቀት?

ጦይባ፦ ጉንፋን እንዳንተ ፈቃድ አያወጣም። አገላብጠው፤ ክርንህ ድረስ! ጋቢውንም አውልቀህ ወዲያ ጣል።

ይመር፦ ጋቢውንስ አልጥልም። እናቴ የፈተለችው ነው። ከወሎ ስንወጣ ከሞት የተረፈን ዕቃ ይሄ ብቻ ነው።

ጦይባ፦ ከወሎ ያወጣኸው ከርከሮ እንድትጠቀልልበት ነው?

ይመር፦ አልጠቀለልኩበትም። ትከሻዬን ሲልጠኝ ከሥሩ ጣል አደረግሁት እንጂ።

ጦይባ፦ ያው ነው። አላጥበውም፤ አልነካውም። ይቀበር።

ይመር፦ እሺ፤ በኋላ እናየዋለን።

ጦይባ፦ ያን ሁሉ ወንድ አሰልፋችሁ ወጥታችሁ ካንተ በቀር ትከሻ ያለው ጠፋ?

ይመር፦ ትከሻማ ሞልቷል። እንስሳው ድብን ብሎ ሲወድቅ ግን ሁሉም የጦሩን ጫፍ ማየት ጀመረ። አንዱ "የኔ ዛፍ ነው የወጋው" ይላል፤ አንዱ "የኔስ ከሱ አልፎ ሄዷል" ይላል። ሰይድ ጦሩን በቅጠል ጥርግ አድርጎ፣ "እኔ ጭራሽ አልወረወርኩም፤ ልሸና ነበር የቆምኩት" አለ።

ጦይባ፦ አንተስ?

ይመር፦ እኔማ...

ጦይባ፦ አንተማ ምን?

ይመር፦ ጦሩ የኔ ነበር። ሲሰካ እስከ ብብቴ ተሰማኝ።

ጦይባ፦ ዝም አትልም ነበር ታዲያ?

ይመር፦ ዝም እልማ ነበር። ግን ከመውደቁ በፊት፣ ሰዎቹ ሳይደርሱ...

ጦይባ፦ ምን አደረግህ? ይመር፣ ምን አደረግህ?

ይመር፦ ዘራፍ አልኩ።

ጦይባ፦ ያ ረቢ!

ይመር፦ አመለጠኝ። አፌ ቀደመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ገድዬ አላውቅም ጦይቤ። አባቴ ነብር የገደለ ዕለት አገር ምድሩን ሲያናውጠው ትዝ ይለኛል። ያ ነገር በፊቴ ሲንደባለል ልቤ ዘለለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፄን ከሩቅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት።

ጦይባ፦ በከርከሮ ላይ ይፎከራል?

ይመር፦ ከርከሮ መሆኑን የረሳሁት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

ጦይባ፦ ምን ብለህ ፎከርክ?

ይመር፦ ተይው አሁን። ውሃውን አፍስሺ።

ጦይባ፦ ውሃው እኔ ዘንድ ነው ያለው። ምን ብለህ ነው የፎከርከው?

ይመር፦ "ዘራፍ የጦይባ ባል!"

ጦይባ፦ ስሜን? በዚያ ነገር ሬሳ ላይ ስሜን ጠራህ?

ይመር፦ ሌላው በፈረሱ ስም ይፎክራል። እኔ ፈረስ የለኝ።

ጦይባ፦ አላህ ይይልህ! ነገ ከነገ ወዲያ በወንዙ ዳር ሴቶቹ ምን ሊሉኝ ነው? "የከርከሮዋ ጦይባ መጣች" እንዲሉኝ?

ይመር፦ ሳቅሽ መጣ። አየሁሽ፤ አትደብቂ።

ጦይባ፦ አልሳቅሁም። ያኛው እጅህን። ስንት ሆነ?

ይመር፦ ሦስት።

ጦይባ፦ ሁለት ነው። የመጀመሪያው አፍንጫህ ነው የታጠበው፤ አይቆጠርም።

ይመር፦ ሰዎቹም ነገሩን እንዳንቺ ነው የያዙት። እየዘለሉ "ይመር ፎክሯል! የይመር ነው! ሰምተናል!" አሉ። አይቼው የማላውቀው ፍቅር። በሌላ ጊዜ ሚዳቋ ብንገድል "የኔ ጦር ቀደመ" ብለው ጉሮሮ ለጉሮሮ ይያያዛሉ። ትናንት ግን አንዱ ለአንዱ ሲመሰክር አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

ጦይባ፦ አህያውን እንዲያውስህስ ሰይድን አልጠየቅኸውም?

ይመር፦ ጠየቅሁት እንጂ። "እህል የምጭንባት አህያ ናት" አለኝ። ከዚያ ሁሉም ሲሄዱ ትከሻዬን እንኳ አልነኩም፤ "አደራ ይመር! የመንደሩ ነገር ባንተ እጅ ነው!" ብለውኝ ሄዱ።

ጦይባ፦ ጥለኸው ብትመጣስ ምን ይመጣ ነበር?

ይመር፦ አንቺም ስብሰባው ላይ ነበርሽ እኮ። ያ ከደን ጽሕፈት ቤት የመጣው ባለ ኮፍያ ልጅ ደንቡን ሲያነብ አልሰማሽም?

ጦይባ፦ እኔ የሰማሁት ከርከሮ የመግደል ፈቃድ ተሰጠ ሲባል ነው። እልል ብዬ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ይመር፦ ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ደኑ የመንግሥት ነው፤ በደኑ ውስጥ ያለ ከርከሮም የመንግሥት ነው።

ጦይባ፦ ማሳችን ሲገባስ?

ይመር፦ ማሳችን ሲገባ የኛ ነው። ሲወጣ ተመልሶ የመንግሥት ይሆናል።

ጦይባ፦ በቆሎዬን በሆዱ ይዞ?

ይመር፦ በሆዱ ይዞ። እንግዲህ በደኑ ውስጥ የገደለ ሰው ሥጋውን ራሱ ያንሳ ነው የሚለው። ራሱ ያንሳ፣ በኬላው ያሳልፍ፣ ቤቱ ያድርስ። ሬሳውን ጥሎ ከሄደ ሀብት አባክኗል፤ ጅብ ጠርቷል፤ በሽታ ዘርቷል። ፈቃዱ ይሰረዛል። የሱ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የመንደሩ በሙሉ።

ጦይባ፦ የማይበላ ሥጋ ምን ይባክናል?

ይመር፦ እኔም እሱን ጠየቅሁት። ተነሥቼ፣ "ጌታዬ፣ በዚህ መንደር ማን እንዲበላው ነው?" አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ፣ "የሚበላውን ሰው ደንቡ አይጠይቅም" አለኝ።

ጦይባ፦ ልጅ ነው፤ ምን ያድርግ። የሰጡትን ነው ያነበበው።

ይመር፦ እሱስ እውነት ነው፤ ሲያነብ ላብ ያጠምቀው ነበር። እኔም ያን ጊዜ ሳቅሁ። ሁላችንም ሳቅን። ትናንት ግን ብቻዬን ከዚያ ነገር ጋር ስቀር ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ጦይባ፦ አሁን አፈሩን። እሸው፤ ጥፍርህ ውስጥ ሳይቀር።

ይመር፦ ጥለኸው ብትመጣ አልሽኝ። ጥዬው ልመጣ አስቤ ነበር ወላሂ። መንገድ ጀምሬ ሁሉ ነበር። ከዚያ አንቺ ያልሽው ትዝ አለኝ።

ጦይባ፦ እኔ ምን አልኩ?

ይመር፦ በዚያን ሰሞን፣ ከርከሮዎቹ የጎረቤታችንን የአሊን ማሳ ሲጨርሱትና እሱ ልጆቹን ይዞ ቤቱን ነቅሎ ሲሄድ፣ እዚህ በር ላይ ቆመሽ እያየሻቸው፣ "እኔ ሁለተኛ ጓዝ አልጠቀልልም" አልሽ። "አንዴ ከአገሬ ወጣሁ፤ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው" አልሽኝ። ይሄ በቆሎ ካመለጠን ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሰው ቡና ለቃሚ ነን፤ የሰው በረንዳ ላይ አዳሪ ነን። ፈቃዱ ከተሰረዘ ማሳው ሳምንት አያድርም። እና ተመልሼ ሄድኩ።

ጦይባ፦ ጎንበስ በል። አንገትህ ላይ ደም አለ።

ይመር፦ ኧረ አስተካክለሽ አፍስሺ። ውሃውን መሬት ላይ ጨረስሽው።

ጦይባ፦ ጀሪካኑ ከብዶኝ ነው። ሌሊቱን የት አደርክ ታዲያ?

ይመር፦ እሱ ነው ዋናው ጉድ! ኬላው ድረስ ሄጄ ለዘበኛው ነገርኩት። "አሁን መሽቷል፤ ነገ ጠዋት መጥቼ በዐይኔ ሳላይ ከወደቀበት እንዳይነሣ" አለኝ። "ጅብ ቢበላውስ?" ብለው፣ "ጅብ ከበላው እንደ ጣልኸው ይቆጠራል" አለኝ።

ጦይባ፦ እና?

ይመር፦ እና ምን፤ ጠበቅሁታ። እሳት አንድጄ ራስጌው ቁጭ አልኩ። ጅቡ ሲመጣ እየጮህኩ፣ ትንታግ እየወረወርኩ። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም። አንድም ጊዜ ዐይኔን አልከደንኩም።

ጦይባ፦ አንተም አልተኛህም በለኛ።

ይመር፦ እኔም ማለት?

ጦይባ፦ ሳል አላስተኛኝም ማለቴ ነው።

ይመር፦ ለነገሩ እኔ ሐሳቤ ሁሉ ማማው ላይ ነበር። ለሰይድ አደራ ብዬው ነበር፤ "እኔ እስክመለስ የኔንም ማሳ ዐይንህን ጣልበት" ብዬ። ጠበቀልኝ?

ጦይባ፦ ቆርቆሮው ሲደበደብ ነው ያደረው። እስኪጣመም ነው የተደበደበው።

ይመር፦ አላህ ይስጠው! እኔ ደግሞ በልቤ ሳማው ነበር። ሩቅ ሆኜ ድምፁን የሰማሁ መስሎኝ ነበር እኮ። እንደውም አንድ ጊዜ የሰው ጩኸት ሰማሁ ልበል? ስሜን የሚጠራ። ጫካ ውስጥ ብቻውን ያደረ ሰው ብዙ ይሰማል ብዬ ተውኩት።

ጦይባ፦ ዙር። ጀርባህን።

ይመር፦ ስንተኛው ነው?

ጦይባ፦ አራት። አምስትም ሊሆን ይችላል። አንተ ወሬ ስታበዛ ጠፋብኝ።

ይመር፦ አምስት እንበለው።

ጦይባ፦ አራት ነው።

ይመር፦ ጠዋት ዘበኛው መጣ። ሻሹን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ፣ ከሩቅ በዱላ ነካ አድርጎ፣ "አዎ፣ ከርከሮ ነው" አለ። እኔ ሚዳቋ ያልኩት ይመስል! እሱም የጾም ሰው ነው፤ መስቀሉን በሸሚዙ ሥር ሲከት አየሁት። "አንሳው" አለኝ። ከቅርንጫፍ ላይ አሰርኩና ሜዳውን ጎተትኩት፤ ዳገቱ ግን በትከሻ ሆነ።

ጦይባ፦ ብቻህን?

ይመር፦ አንድ ሰው አገኘሁ። የወንዝ ማዶ ሽማግሌ፤ ያ ማር የሚቆርጠው።

ጦይባ፦ እነሱ ይበሉታል አይደል?

ይመር፦ ይበሉታል። ሲያየኝ ቅርጫቱን ጣለና አንዱን ጫፍ በትከሻው ያዘ። ማንም ሳይጠይቀው። እስከ ኬላው ድረስ አብሮኝ ተሸከመ። "ለናንተ ከብዷችኋል፤ ለኛ ምሳ ነው። እዚያ ስንደርስ ለኔ ስጠኝ፤ አንተም ትገላገላለህ፣ ልጆቼም ይጠግባሉ" አለኝ። ደስታ ሊገድለኝ። ግንባሩን ልስመው ሁሉ አማረኝ።

ጦይባ፦ ታዲያ ለምን አልሰጠኸውም?

ይመር፦ ደንቡ! ሥጋው አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው አይሰጥም። ወደ ገዳዩ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ለሚበላው መስጠት ክልክል፣ ለማይበላው መውሰድ ግዴታ። ሽማግሌው ዘበኛውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እጁን በሣር ጠርጎ ቅርጫቱን ሊያነሣ ተመለሰ። አንድ ቃል አልተናገረም። ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ጦይባ፦ ቆይ ቆይ... ወደ ገዳዩ ቤት ነው ያልከው?

ይመር፦ እ...

ጦይባ፦ ይመር፣ ያ ነገር አሁን የት ነው ያለው?

ይመር፦ አትጩሂ።

ጦይባ፦ የት ነው ያለው?!

ይመር፦ ከብሳናው ሥር።

ጦይባ፦ ከኛ ብሳና? ልጆቼን አዝዬ ካስተኛሁበት ብሳና?

ይመር፦ ቅጠል አልብሼዋለሁ። ነገ ዘበኛው መጥቶ ቤት መድረሱን ያያል፤ ከዚያ የራሳችን ጉዳይ ነው። እስከዚያ አብሮን ያድራል።

ጦይባ፦ ይደር እንግዲህ።

ይመር፦ "ይደር" አልሽ? እኔ እኮ ጣሳውን ትወረውሪብኛለሽ ብዬ ጎንበስ ብዬ ነበር።

ጦይባ፦ ጣሳዬን አላረክስብህም።

ይመር፦ ነገ ግን እንዳየው ወዲያው እቀብረዋለሁ። ከማሳው ግርጌ፣ አፈሩ የለሰለሰው ጋ። ማታውኑ ልሂድና ጉድጓዱን ልጀምረው እንደውም፤ በቆሎዬንም ከትናንት ጀምሮ አላየሁት፤ ናፍቆኛል።

ጦይባ፦ ከማሳው አይሆንም።

ይመር፦ ለምን?

ጦይባ፦ አይሆንም አልኩህ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቅበረው።

ይመር፦ እዚያ እኮ አለት ነው። ማሳው ቶሎ ይቆፈራል።

ጦይባ፦ ማሳው ተቆፍሮ አልቋል።

ይመር፦ ምን አልሽ?

ጦይባ፦ አንተ ራስህ አርሰኸው የለ እንዴ? ያንን ማለቴ ነው። እጅህን ዘርጋ!

ይመር፦ እሺ እሺ። ተቆጥተሻል፤ እውነትሽን ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ፊትሽን ፍቺልኝ። ይኸው፣ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በደረቁ እጅሽ አውጪው ብልሽ እሺ አትይም። ፈቃዱ ጸንቶልናል! ዘበኛው "ከዚህ መንደር ሥጋ አንሥቶ ያለፈ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ" ብሎ ማኅተሙን መታልን። በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ የሚነካን የለም። ከነገ ጀምሮ ጦራችንን ይዘን እንገባለን፤ ሰይድም ይፎክር፣ ተራው ይድረሰው! ማሳችን ተረፈ ጦይቤ። ትከሻዬ ተላጠ፣ ስምሽም ጠፋ፣ ግን ማሳው ተረፈ።

ጦይባ፦ ማሻአላህ።

ይመር፦ "ማሻአላህ" እንዲህ ነው የሚባለው? እንደ ለቅሶ ቤት?

ጦይባ፦ ጉንፋኑ ነው።

ይመር፦ እኔ ደግሞ እጮኛሽ ሆኜ ማር ያመጣሁልሽ ዕለት ያልሽውን እልልታ ጠብቄ ነበር... ቆይ። ይሄ ሽታ ምንድን ነው?

ጦይባ፦ ያንተው ነው።

ይመር፦ አይደለም። ከጓዳ ነው የሚመጣው። እሸት ነው! እሸት ቀቅለሻል!

ጦይባ፦ አገላብጥ እጅህን።

ይመር፦ አንቺ ሴት! አንዲት ራስ ልቀንጥስ ስል በዘነዘና ልትመቺኝ አልነበር? "ገና ወተት ነው፤ ሳይጠና ጣቱን የሰደደ አላውቀውም" ያለው ማን ነበር?

ጦይባ፦ እኔ ነኝ።

ይመር፦ ታዲያ ምን ተገኘ? ፈቃዱ መጽናቱን ቀድመሽ ሰምተሻል ማለት ነው። ደስ ብሎሽ ነው አይደል? ፊትሽን አኮሳትረሽ ጓዳ ግብዣ ደግሰሻል! እስቲ ስንት ራስ ቀቀልሽ?

ጦይባ፦ የቻለውን ያህል።

ይመር፦ ማን የቻለውን?

ጦይባ፦ ድስቱ።

ይመር፦ የትኛው ድስት? ያ ትልቁ? ያ የሰርጋችን?

ጦይባ፦ ለጎረቤትም ይዳረሳል። ካደረ ይኮመጥጣል።

ይመር፦ እሸት ከአገዳው ላይ እያለ ምን ያኮመጥጠዋል? ካልቆረጡት አይኮመጥጥም።

ጦይባ፦ የተረገጠ ያድራል እንዴ?

ይመር፦ የተረገጠ? ጦይባ፣ የተረገጠ አልሽ።

ጦይባ፦ ከታጠብክ በኋላ ልነግርህ ነበር። ከበላህ በኋላ። ባዶ ሆድህን እንዳትሰማው ብዬ ነበር።

ይመር፦ ሰይድ ነው የጠበቀው ብለሽኝ...

ጦይባ፦ እኔ ሰይድ አላልኩም። ቆርቆሮው ሲደበደብ አደረ ነው ያልኩህ። ሰይድ የራሱ ማማ ላይ ነበር፤ ምን ልበለው? ማሳው ሲንኮሻኮሽ ከቤት ሆኜ ሰማሁ። ልጆቹን ቆልፌባቸው ወጣሁ። ቆርቆሮውን ስመታ ከርከሮዎቹ ሮጡ። ተመለሱ። ደግሜ መታሁ፤ ሮጡ። ኋላ ለመዱት። እኔ እየመታሁ እነሱ ይበላሉ። ትልቋ ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች።

ይመር፦ ጦሩ ከኔ ጋር ነበር።

ጦይባ፦ ከአንተ ጋር ነበር። እኔ ያለኝ ጉሮሮ ነው። በስምህ ጮህኩባቸው። "ይመር መጣላችሁ! ባለ ጦሩ መጣላችሁ!" እያልኩ። አንተ በኔ ስም እንደፎከርክ መቼ አወቅሁ።

ይመር፦ ሰምቼሻለሁ። እሳቱ ጋ ቁጭ ብዬ... የሞተውን ጅብ እንዳይበላብኝ...

ጦይባ፦ አውቃለሁ።

ይመር፦ በሕይወት ያሉት በሙሉ እዚህ ነበሩ።

ጦይባ፦ አውቃለሁ አልኩህ።

ይመር፦ የላይኛው እርከንስ? ያ ዘግይቶ የተዘራው?

ጦይባ፦ እሱን መጨረሻ ላይ ነው የሄዱበት። ሲነጋ ገብቼ የጥርስ ምልክት የሌለበትን እየመረጥኩ ለቀምኩ። ሐራም ያልሆነውን። ጭቃ ውስጥ እየዳበስኩ።

ይመር፦ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ቀረን?

ጦይባ፦ ድስቱ ውስጥ ያለው።

ይመር፦ ልቀመጥ እስቲ።

ጦይባ፦ ይመር፣ ተነሥ። መሬት ላይ አትቀመጥ፤ ጭቃ ነው።

ይመር፦ ጨርሺልኝ በቃ። ውሃውን አፍስሺ። ስንተኛው ላይ ነበርን?

ጦይባ፦ መቁጠሩን ተወው። በሩን ከፍቼዋለሁ፤ ግባና ጀሪካኑን ራስህ አንሳ።